ከጎነ ሦስት ወደ ሞገድ፦ የትሪጎኖሜትሪ ፈንክሽኖችን የማስተማር ዘዴ ዳሰሳ

ትሪጎኖሜትሪ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁለት ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ የሚመጣው በጎነ ሦስት ነው። 90 ዲግሪ ዘዌ ያለው ጎነ ሦስት ይሰመራል፤ ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት የጎኖቹ ጥምርታዎች ሆነው ይተዋወቃሉ፤ ተማሪው የዛፍ ወይም የሕንፃ ቁመት ያሰላል። ትንሽ ቆይቶ እነዚያው ስሞች ማለቂያ የሌለው የሞገድ ግራፍ ያላቸው ፈንክሽኖች ሆነው ይመለሳሉ። እስከዚያ ድረስ ሳይንን ከ90 ዲግሪ ባነሱ ዘዌዎች ብቻ ያወቀ ልጅ፣ የ200 ዲግሪ ሳይን ስንት ነው ሲባል የት ሄዶ ይፈልገው? በእንደዚያ ዓይነት ጎነ ሦስት ውስጥ 200 ዲግሪ የለም። ብዙ ተማሪ ትምህርቱ የሚያመልጠው እዚህ መሻገሪያ ላይ ነው።

ከጎነ ሦስት መጀመር የታሪኩ ቅደም ተከተል ይመስለናል እንጂ አይደለም። የጥንት ሥነ ፈለክ ሊቃውንት የተነሱት ከክብ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ይሠራ የነበረው ቶለሚ፣ በክብ ውስጥ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የሚሰመሩ ቀጥታ መስመሮችን ርዝመት በየግማሽ ዲግሪው አስልቶ በሰንጠረዥ አስቀምጧል። የሕንድ ሊቃውንት የመስመሩን ግማሽ መጠቀም ይበልጥ እንደሚያመች ተረዱ፤ በ499 እ.ኤ.አ. የተጻፈው የአርያባታ ሥራ የያዘው ይህንኑ ነው፤ ዛሬ ሳይን የምንለውም እሱን ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ናስር አልዲን አልቱሲ ትሪጎኖሜትሪን ከሥነ ፈለክ ለይቶ ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎ ጻፈ። የጎነ ሦስት ጥምርታ ትርጉም በአውሮፓ የመጣው ዘግይቶ፣ በ1551 እ.ኤ.አ. በሬቲከስ ሰንጠረዥ ነው። ኦይለር ደግሞ በ1748 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የክቡን ሬዲየስ አንድ አድርጎ ሳይንና ኮሳይንን እንደ ፈንክሽን አጠና። ዛሬ የምናስተምረው ግራፍ መሠረቱ እዚያ ነው።

በአሜሪካ ግራፎቹ በስፋት የሚጠኑት ለካልኩለስ በሚያዘጋጀው ፕሪካልኩለስ በሚባለው ኮርስ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮመን ኮር የተባለው የትምህርት መለኪያ ጎነ ሦስቱን በጂኦሜትሪ ሥር፣ አሃዳዊውን (ሬዲየሱ አንድ የሆነውን) ክብ፣ ራዲያንንና ዑደታዊ ክስተቶችን በፈንክሽኖች ሥር አስቀምጧቸዋል። ኮሌጅ ቦርድ የተባለው የፈተና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኤፒ ፕሪካልኩለስም ለትሪጎኖሜትሪ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቷል። በኢትዮጵያ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ተማሪው አዲሱን ሐሳብና አዲሱን ቃል አንድ ላይ ይሸከማል፤ መምህሩ ተማሪው በሚያውቀው ቋንቋ ክቡን እየሠራ ቢያስረዳ ሸክሙ ግማሽ በግማሽ የሚቀልለት ይመስለኛል።

የቱ ይቅደም የሚለው ክርክር አልተቋጨም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ኬንዳልና ስቴሲ ሁለቱን መንገዶች አነጻጽረው፣ ጎነ ሦስትን በማስላት ረገድ በጥምርታ የተማሩት በአሃዳዊ ክብ ከተማሩት የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይተዋል። ተመራማሪው ኪት ዌበር በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ደግሞ አሜሪካውያን የኮሌጅ ተማሪዎች ክቡን ራሳቸው ሠርተው፣ ዘዌውን በፕሮትራክተር ለክተው የሳይንን ዋጋ ሲገምቱ ፈንክሽኑን በጥልቀት እንደተረዱት አመልክቷል። እኔ ሁለቱን እንደ ተቃራኒ አላያቸውም። የመጀመሪያው የለካው ስሌትን ነው፤ ሁለተኛው የለካው ግንዛቤን ነው። ግራፍ ለማስተማር የተነሳ መምህር የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው፤ ቀመር በቃል የያዘ ተማሪ የ170 ዲግሪ ሳይን ትንሽ ቁጥር እንደሆነ ሳያሰላ መናገር አይችልምና።

የመሻገሪያው ቁልፍ ራዲያን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ክፍል ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ዲግሪን በ180 አካፍሎ በፓይ የማባዛት ልምምድ ሆኖ ያልፋል። ራዲያን በክቡ ጠርዝ ላይ የተጓዝነው ርቀት ስንት ሬዲየስ እንደሆነ ይነግረናል። ተማሪዎች አንድ ክብ ሠርተው ጠርዙን በክር ይለኩ፤ ክሩን ወስደው በኤክስ ዘንግ ላይ ይዘርጉት፤ በየነጥቡ ላይ በክቡ ውስጥ የለኩትን ቁመት ያቁሙ። የሳይን ግራፍ በእጃቸው ይወጣል። ይህን የሠራ ልጅ ሞገዱን የግማሽ ክቦች ሰልፍ አድርጎ አይስለውም፤ መስመሩ መሃሉን ሲያቋርጥ ሰያፍ ሆኖ እንደሚወጣ፣ ጫፉ ላይ እንደሚለዝብ አይቷልና። ራዲያን ለካልኩለስም መሠረት ነው፤ የሳይን ግራፍ ዜሮ ላይ ያለው ስሎፕ ልክ 1 የሚሆነው ዘዌው በራዲያን ሲለካ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ግራፉን መዘርጋት፣ መጭመቅና ማንሸራተት ይመጣል። ስህተቶቹ በየክፍሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ሳይን 2ኤክስን ሁለት ጊዜ ሳይን ኤክስ ነው ማለት አንዱ ነው። በሳይን (2ኤክስ − ፓይ/3) ግራፉ በፓይ/3 ወደ ቀኝ ሄደ ማለት ሌላው ነው፤ 2ን አውጥተን ስናየው የሄደው በፓይ/6 ብቻ ነው። የግራፍ ሶፍትዌሮቹ ጂኦጀብራና ዴስሞስ እነዚህን በቅጽበት ያሳያሉ፤ ነገር ግን ተማሪው አስቀድሞ ግምቱን በወረቀት ላይ ካልሳለ ስክሪኑ መልስ ሰጪ ብቻ ይሆናል።

የታንጀንት ግራፍም ከክቡ መሃል የሚወጣው መስመር ስሎፕ ተደርጎ ቢቀርብ፣ 90 ዲግሪ ላይ ለምን ዋጋ እንደማይኖረው ወዲያው ይታያል።

የአሜሪካ መጻሕፍት ለዑደታዊ ክስተት የሚወዱት ምሳሌ በመዝናኛ ሥፍራ የሚሽከረከረው ግዙፍ ጎማ ነው። ለእኛ የቀን ርዝመት ይሻለናል። በአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በስቶክሆልም ልዩነቱ ከ12 ሰዓት ያልፋል። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ የሳለ ተማሪ፣ ዑደታቸው እኩል አንድ ዓመት ሆኖ አምፕሊቲዩዳቸው (ከመሃል እስከ ጫፍ ያለው ቁመት) ብቻ እንደሚለያይ በገዛ ዓይኑ ያያል።

ሌላው ምሳሌ የግድግዳ ሶኬት ነው። ኤሌክትሪካችን 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ቮልቴጁ 311 ሳይን (100 ፓይ ቲ) ተብሎ ይጻፋል። በፈተና ላይ ይህ እኩልታ ተሰጥቶ ግራፉን ሳል ከሚባል ይልቅ፣ 311ም 100 ፓይም ከየት እንደመጡ፣ አንድ ዑደት ለምን 0.02 ሴኮንድ እንደሚፈጅ፣ 60 ኸርዝ በሆነበት አሜሪካ ግራፉ ምኑ እንደሚለወጥ ተማሪው በራሱ አነጋገር እንዲያስረዳ ቢጠየቅ እመርጣለሁ።