ሳልና መካንነት ምን ያገናኛቸዋል?

ሸዋ ሮቢት በምሠራበት መድኃኒት ቤት ደጋግሜ ከምሰማቸው ጥያቄዎች አንዱ «የልጄን ሳል የሚያቆም ሽሮፕ ስጪኝ» የሚል ነው። ሌላው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይመጣል፦ «ለማርገዝ የሚረዳ መድኃኒት አለ?» ጠያቂዋ ሚስት ናት፤ ባል መጥቶ ሲጠይቀኝ አላስታውስም። ሁለቱ ጥያቄዎች አንዳንዴ ከአንድ ምንጭ ሊነሡ ይችላሉ።

በአየር ቧንቧችን ውስጥ ሲሊያ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች አሉ። በአንድ ሕዋስ ላይ ወደ 200 ይደርሳሉ። በሰከንድ 10 ጊዜና ከዚያ በላይ እየተወዛወዙ አቧራውንና ጀርሙን ከአክታ ጋር ወደ ጉሮሮ ይጠርጋሉ። የወንድ ዘር ጭራም አሠራሩ ይኸው ነው፦ ዙሪያውን 9 ጥንድ፣ መሐሉ ላይ 2 ቀጫጭን ቱቦዎች። ከጥንዶቹ ላይ የወጡ ዳይኒን የተባሉ የፕሮቲን ክንዶች ጎረቤታቸውን ይገፋሉ። ሁሉም በአንዴ ቢገፉ ግን ጭራው ወደየትም አይታጠፍም። ስለዚህ ሌሎች ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች በአንድ ወገን ያሉትን ሲያሠሩ በሌላው ወገን ያሉትን ያሳርፋሉ፤ ተራው ሲለዋወጥ ውዝዋዜው ይመጣል። (ፕሮቲን ስላልኩ ማሾ ላብላው የምትሉ አትጠፉም። ማሾአችን ጥሩ ምግብ ነው፤ በዘር የጎደለውን ክንድ ግን አይተካም።)

እ.ኤ.አ. በ1976 ስዊድናዊው አፍዜልየስ ዘራቸው የማይንቀሳቀስ ወንዶችን መርምሮ የዳይኒን ክንዶቹ እንደጎደሉ አሳወቀ። ሰዎቹ ሳልና የሳይነስ ሕመም የማይለቃቸው ነበሩ። የሚገርመው፣ ከእነዚህ ሕሙማን ግማሽ ያህሉ ልባቸው በቀኝ በኩል ነው፤ በፅንስነት ጊዜ ግራና ቀኙን የሚያስለየውም የሲሊያ እንቅስቃሴ ነውና።

በሽታው ብዙ የሚያጋጥም አይደለም። የሚወረሰው በአብዛኛው ጉድለቱን ከአባትም ከእናትም በመውሰድ ስለሆነ፣ እንደ ጎረቤቶቻችን የአፋሮች አብሱማ የቅርብ ዘመዳሞች ሲጋቡ ዕድሉ ከፍ ይላል። ጋብቻውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ ዝምድናውን እንዳትደብቁ ነው። ቀኑን ሞልቶ ተወልዶ ትንፋሽ ያስቸገረው፣ ከተወለደ ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ንፍጥና አክታ ያለው ሳል ያልለቀቀው፣ ጆሮው የሚመግል ልጅ ካላችሁ ይህንኑ ዘርዝራችሁ ንገሩት።

በዘሩ ጤነኛ የሆነውን ሲሊያ ደግሞ ጭስ ያደክመዋል። በር በተዘጋ ማድ ቤት የሚነድ እንጨትና የማሽላ አገዳ፣ ጫት ላይ የሚጨስ ሲጋራ፣ ሁሉም ያው ነው። ጠራጊው ሲደክም አክታውን የሚያወጣው ሳል ብቻ ይቀራል። አክታ ላለው ልጅ ሳል የሚያፍን ሽሮፕ ስትጠይቁኝ እምቢ የምላችሁ ለዚህ ነው። እሳቱን ወደ ውጭ አውጡት፣ ወይም መስኮት ክፈቱ፤ ሕፃን አዝላችሁ አትጋግሩ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ለቲቢ መመርመር አለበት።

ልጅ ያጣችሁ ባልና ሚስትም አብራችሁ ሂዱ። በዳይኒን ጉድለት ብቻ ሳይሆን በሌላም ምክንያት ችግሩ ከባል የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የወንድ ዘር ምርመራ ቀላል ነው፤ ከግንኙነት ከ2 እስከ 7 ቀን ተቆጥቦ ናሙና መስጠት ነው። ያ ሳይታይ ሚስትን መኻን ብሎ መፍታትም ሆነ ሌላ ማግባት እሷን መበደል ነው፤ ሁለተኛዋም ላታረግዝ ትችላለች።