ውጤቱ ለምን ዘገየ?

«የዘገየው መጥፎ ነገር ቢገኝበት ነው አይደል?»

የፓቶሎጂ ሐኪም ነኝ። ሥራዬ ከሰው አካል የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቶ ምን እንደሆነ መጻፍ ስለሆነ ታካሚ ፊት ለፊት የምቀመጥበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሰው የማገኘው ኮሪደር ላይ ነው። ውጤት መስጫው መስኮት አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ከጠዋት ጀምሮ ይሞላል፤ ነጭ ጋዋን ያየ ሁሉ ብድግ ይላል። ጥያቄው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ አብራኝ ናሙና የሰጠችው ሴት ማክሰኞ ውጤቷን ወስዳለች፣ የእኔ ለምን ቀረ?

እንዲያውም ብዙ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ግልጽ ያለ ካንሰር ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ብዙ አያመራምርም፤ አይቶ ለመጻፍ ደቂቃዎች ይበቃሉ። የሚያቆየን አጠራጣሪው ነው። ለእሱ ባልደረባ እንጠራለን፣ ተጨማሪ ቀለም እናዛለን፣ ናሙናው የታሸገበትን ሰም ደግመን እንቆርጣለን። ከዚያ ሁሉ በኋላም ወደየትኛውም ሊያጋድል ይችላል። አንገቱ ላይ እብጠት ወጥቶበት ካንሰር ነው ብሎ ኑዛዜ ሊያሰናዳ የደረሰ ሰው፣ የንፍፊት ቲቢ ተገኝቶበት የ6 ወር መድኃኒት ተጽፎለት ይሄዳል። በአገራችን ይህ ብርቅ አይደለም።

የቀረው መዘግየት ከበሽታው ጋር አይገናኝም። ከእብጠት ላይ በቀጭን መርፌ የተሳበ ናሙና መስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ ቀለም ተነክሮ በዚያው ቀን ሊታይ ይችላል። ተቆርጦ የመጣ ሥጋ ግን መጀመሪያ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ መቆየት አለበት፤ ፎርማሊኑ ደግሞ በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እየሰረገ ነው የሚገባው። የጡት ናሙና ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቢበዛ 72 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል፤ ከዚህ ካነሰም ከበዛም ኋላ ለመድኃኒት ምርጫ የሚደረገው የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ሊያሳስት ይችላል። ቀጥሎ በሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ በአልኮል፣ አልኮሉ በዛይሊን፣ ዛይሊኑ በቀለጠ የፓራፊን ሰም ይተካል። ይህን የሚያደርገው ማሽን ሌሊቱን ሲሠራ ያድራል። እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ከሄደና ጄነሬተሩ ካልተነሳ ጠዋት የምናገኘው መንገድ ላይ የቀረ ናሙና ነው፤ በዚያ ቀን የስንት ሰው ቀጠሮ አብሮ እንደሚፋለስ አስቡት። በሰም የታሸገው ሥጋ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ተደርጎ ይቆረጣል፤ የራስ ፀጉር ከዚህ በአሥር እጥፍ ይወፍራል። ከዚያ ቀለሙ ይቀጥላል። የሴሉን አስኳል ሐምራዊ የሚያደርግልን ሄማቶክሲሊን የሚወጣው ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ ግንድ ነው። ግዢ ክፍል ሄደን ይህን ብንተርክ ግን የሚመለስልን «ካለፈው ዓመት የተረፈ የለም ወይ?» የሚል ነው።

አጥንት ከሆነ ካልሲየሙ በአሲድ ሟሙቶ እስኪለሰልስ ቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ይጠበቃል። የመጠየቂያው ወረቀት ጣጣም አለ። «እብጠት» ከሚል አንድ ቃል በቀር ዕድሜ ያልተጻፈበት፣ ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደተወሰደ የማይናገር ወረቀት ይመጣል። የላከውን ሐኪም በስልክ ስናፈላልግ ሌላ ቀን ያልፋል።

ከክፍለ ሀገር በአስታማሚ እጅ የሚመጣውን ናሙና ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ በመጠበቂያው ጊዜ ቤተሰብ በእጁ ሊያስተካክለው የሚችለው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና። በደረቅ ፋሻ ተጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ ያደረ ሥጋ አየሁ። አፈ ጠባብ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ የገባም አየሁ፤ ሲገባ ለስላሳ ነበር፣ ፎርማሊኑ ሲያጠነክረው አልወጣ ብሎ ፕላስቲኩን በመቀስ ቀደድነው። ናሙና ይዛችሁ የምትመጡ ሰዎች ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሳትወጡ ዕቃው አፈ ሰፊ መሆኑን፣ ፎርማሊኑ የሥጋውን አሥር እጥፍ መሆኑን፣ የታካሚው ስም ክዳኑ ላይ ሳይሆን ራሱ ዕቃው ላይ መጻፉን ጠይቁ። ክዳን ከክዳን ይለዋወጣል። ጠየቃችሁ ብሎ የሚቆጣ ባለሙያ ካለ ይቆጣ።

አሁን ወደ ወንበሩ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 45 ፈቃደኞችን ኮምፒውተር ላይ ድንጋይ እያስገለበጡ ሥሩ እባብ ይኖር አይኖር እንደሆን አስገመቷቸው። እባብ ከተገኘ እጃቸው ላይ የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርሳቸዋል። የላባቸውና የዓይናቸው ብሌን ልኬት እንዳሳየው ሰዎቹ ይበልጥ የተጨነቁት ንዝረቱ እንደማይቀር ባወቁ ጊዜ አልነበረም፤ ይምጣ አይምጣ ግማሽ በግማሽ በሆነ ጊዜ ነበር። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ያለው በትክክል እዚያ ነው። ስለዚህ «አይዞሽ፣ ምንም የለብሽም» ማለት አልወድም። ስላይዱን ያላየ ሰው ይህን ቢል ማንም አያምነውም፤ አምናው ከተገኘባት ደግሞ ቀጥሎ የምንነግራትን ሁሉ መጠርጠር ትጀምራለች።

ጭንቀትን ማፈንም ያን ያህል አይጠቅምም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ የምትገኘው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኬት ስዊኒ የጥብቅና ፈቃድ ፈተና ተፈትነው አራት ወር ውጤት የሚጠብቁ የሕግ ተመራቂዎችን ተከታትላ ነበር። ጭንቀቱን ለማራቅ የሞከሯቸው ዘዴዎች አብዛኞቹ አልሠሩላቸውም። የገረመኝ ቀጣዩ ነው፦ ሲጨነቁ የከረሙት ውጤቱ ሲከፋ የተሻለ ቻሉት፣ ሲያምርም ይበልጥ ተደሰቱ። ተረጋግተው የጠበቁት መጥፎው ዜና ዱብ ዕዳ ሆነባቸው። እንግዲህ እንቅልፍ ያጣ ታካሚ «እምነቴ ጎደለ» ብሎ በራሱ ላይ ሌላ ሸክም አይጨምር። በኋላ የወጡ ጥናቶቿ ረዳ ያሉት ነገር ቢኖር እጅንም ልብንም የሚይዝ ሥራ ነው። ዳንቴል ይዘው የሚመጡትን እናቶች ሳይ ትክክል ነው እላለሁ፤ ዓይናቸው ቆጠራው ላይ ነው፣ ከሳቱ መተርተር አለ። ስልክ ላይ በሽታን ሲፈልጉ ማምሸት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ጸበል መግባትን፣ ስለት መሳልን፣ ዱዓ ማስደረግን በተመለከተ ከታካሚ ጋር ተከራክሬ አላውቅም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የውጤቱ ቀን ሲደርስ ተመለሱ። ሳይወሰዱ የሚቀሩ ፖስታዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ቶሎ ቢታከም የሚድን ነገር ነው።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ፈጣኑ የኤችአይቪ ምርመራ ከመስፋፋቱ በፊት ደም ሰጥቶ ውጤቱን ሳይወስድ የሚጠፋ ሰው ብዙ ነበር። ያ ዘመን ከባድ ቢሆንም አንድ ትልቅ ልማድ ትቶልናል፤ ደም ከመወሰዱ በፊት ቁጭ ብሎ መነጋገር። ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ምን ታደርጊያለሽ? ለማን ትነግሪያለሽ? ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ አብሮሽ የሚሆን ማነው? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ በየጤና ጣቢያው ሰው ሠለጠነ፣ ክፍል ተለየ። ለካንሰር ምርመራ ናሙና ሲወሰድ ግን ብዙ ቦታ ይህ የለም። ሴትዮዋ ጡቷ ላይ መርፌ ይገባል፣ ፋሻ ይለጠፍላታል፣ ደረሰኝ ይሰጣታል፣ «ውጤት ትወስጃለሽ» ትባላለች። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሁሉም ካንሰር ቀዳሚው ሆኖ ሳለ ለኤችአይቪ የሠራነውን ያህል እንኳ ለዚህ አለመሥራታችን ስንፍና ይመስለኛል።

ንግግሩ ካልተደረገ ክፍተቱን ቤተሰብ ይሞላዋል፤ ቤተሰብ ደግሞ የሚያውቀው የመርዶን ሥርዓት ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር እኛ አገር ማንም አይጠፋውም። በስልክ አይነገርም፣ በምሽት አይነገርም። ባለቤቱ እራቱን በልቶ ይተኛ ይባላል፣ ዘመድና ጎረቤት ማለዳ ይሰበሰባል፣ ቃሉን የሚያወጣው ሽማግሌ ነው። በዚህ ረገድ የዕድሩ ሽማግሌዎች ከብዙ ሐኪም ይበልጣሉ። ችግሩ ልጆቹ ይህንኑ ሥርዓት በቁም ላለች እናት ሲያውሉት ነው። መስኮቱ ጋ ይመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዶክተር፣ ምንም ይሁን ምን ለእማዬ እንዳይነገርብን፤ ለእኛ ብቻ ይስጡን» ይላሉ። ፍቅር ነው፣ አይካድም። እማማ ግን ከወንበሩ ሆነው ያዩናል። የትኛው ልጅ ሲያለቅስ እንዳደረ፣ ማን ከውጭ አገር ድንገት እንደደወለ፣ ዶሮው ያለ በዓል ለምን እንደታረደ ከሁላችንም በፊት የገባቸው እሳቸው ናቸው። ለመጠየቅ እንኳ የሚፈሩት ልጆቻቸውን ላለማስጨነቅ ነው።

እኔ እንዲህ ያሉ ልጆች ሲገጥሙኝ ውጤቱ ሳይወጣ፣ ገና ማንም ምንም ሳያውቅ ሳለ፣ እናታቸውን እንዲጠይቁ እመክራለሁ። «እማዬ፣ ውጤቱ ሲመጣ አንቺ ራስሽ መስማት ትፈልጊያለሽ ወይስ እኛ ሰምተን እንንገርሽ?» አንዳንድ እናት «እናንተ ስሙት፣ እኔ ምን አውቅበታለሁ» ይላሉ፤ ያም መልስ ነው፣ ይከበራል። ሌላዋ ደግሞ መሬት የሚያካፍሉት፣ የሚታረቁት ሰው አላቸው፤ ማወቅ አለባቸው። ወረቀቱ ከወጣ በኋላ ይህን ጥያቄ መጠየቅ አይቻልም፤ የጠያቂው ፊት መልሱን አስቀድሞ ይናገራል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ በተቃራኒው ጫፍ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2021 ወዲህ በዚያ አገር ሕግ የምርመራ ውጤት እንደተጠናቀቀ ሳይዘገይ ለታካሚው እንዲከፈትለት ግዴታ ሆኗል፤ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ሳያየው በፊት ስልክ ላይ ይደርሳል። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲመሽ እዚህ ሊነጋ ነው፤ የእንግሊዝኛውን ሪፖርት ፎቶ አንስቶ «ምን ማለት ነው?» የሚል መልእክት በዚያ ሰዓት የሚልክልኝ ዘመድ አለ። ይህን አሠራር ሰው ይጠላዋል ብዬ ነበር የማስበው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የአራት ትልልቅ ሆስፒታሎች ጥናት ግን ከተጠየቁት ከ8,000 በላይ ታካሚዎችና አስታማሚዎች ከመቶ 96 ያህሉ ውጤታቸውን ወዲያው ማየት እንደሚመርጡ አገኘ፤ ውጤታቸው ጤናማ ያልሆነባቸውም ጭምር። ለዘመዶቼ የምለው አስቀድማችሁ ወስኑ ነው፦ ዓርብ ማታ ብቻችሁን ሆናችሁ ስልኩ ቢጮህ ትከፍቱታላችሁ ወይስ ሐኪም የሚገኝበትን ሰኞ ትጠብቃላችሁ? የሚሻለው ለየሰዉ ይለያያል።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ እኛ ክፍል ደረሰኙ ላይ የውጤት ቀን እንዲጻፍ፣ ከሥሩም የስልክ ቁጥር እንዲኖር ሐሳብ ያቀረብኩ ጊዜ መስኮቱ ላይ የምትሠራው እህታችን ነበረች የተቃወመችኝ። «ቀን ጻፊ ትሉኛላችሁ፤ መብራት ሄዶ ቀኑ ሲያልፍ የምሰደበው እኔ ነኝ፣ እናንተ ውስጥ ናችሁ» አለች። እውነቷን ነበር። የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ቀኑ ከምንገምተው ሦስት ቀን ተጨምሮበት ይጻፋል፤ ካለፈ ታካሚው ጋ የሚደውለው እሷ ሳትሆን ናሙናው በእጁ ያለው ሐኪም ነው፣ ምክንያቱንም እሱ ይናገራል። ማሽን ከሆነ ማሽን፣ ተጨማሪ ምርመራ ከሆነ ተጨማሪ ምርመራ። መደወሉን የማይወዱ ባልደረቦች አሉኝ፤ ጊዜ ይበላል ይላሉ። እሷ ግን አሁን የምትቃወመው ሌላ ነገር ነው፤ ለመደወያው የሚመደበው የሞባይል ካርድ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል።