የጨጓራ ካንሰርን ከ15 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ መከላከል

በጃፓን ኪዩሹ ደሴት በሳጋ አውራጃ፣ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የሚያጠናቅቁ ተማሪዎች ለዓመታዊው የጤና ምርመራ ሽንታቸውን በትንሽ ዕቃ ይዘው ትምህርት ቤት ይመጣሉ። የሽንት ምርመራው በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች የቆየ ነው፤ ዋና ዓላማውም የኩላሊት ችግርን ቀድሞ ማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ግን በሳጋ፣ ወላጅ ከፈቀደ፣ ከዚያው ሽንት ላይ ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያም ይፈለጋል። ልጆቹ 14 እና 15 ዓመታቸው ነው፤ አብዛኞቹን ምንም አያማቸውም።

ያላመመው ልጅ ለምን ይመረመራል? ኤች ፓይሎሪ ሰው ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ በሕፃንነት፣ ከቤተሰብ፣ በተለይም ከእናት ነው። የጨጓራ አሲድ ብዙ ተህዋስያንን ሲገድል፣ ይኼኛው ዩሪያን ወደ አሞኒያ የሚቀይር ኢንዛይም ስላለው በዙሪያው ያለውን አሲድ አርክሶ በጨጓራው ንፍጥ ውስጥ ይሸሸጋል። ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል። መጀመሪያ ጨጓራው ይቆጣል፤ ከዓመታት በኋላ አሲድ አመንጪ እጢዎች ይሳሳሉ፤ ከዚያ የጨጓራው ሽፋን የአንጀትን ሽፋን መምሰል ይጀምራል፤ በጥቂት ሰዎች ላይ ደግሞ ካንሰር ይከተላል። ይህ ሁሉ አሥርተ ዓመታት ይፈጃል።

ባክቴሪያውን ያገኙት አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ናቸው። ባክቴሪያው ጨጓራን እንደሚያሳምም ሲናገሩ የሚያምናቸው ሲያጡ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያው የተራባበትን ፈሳሽ ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ኤች ፓይሎሪን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መደበው፤ ሁለቱ ሐኪሞችም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ማከም ካንሰርን እንደሚቀንስ ከሚያሳዩት ቦታዎች አንዱ የታይዋን ማትሱ ደሴቶች ናቸው። እዚያ ከ2004 ጀምሮ አዋቂዎች በጅምላ እየተመረመሩ ታክመዋል፤ አዲስ የሚገኘው የጨጓራ ካንሰርም በግማሽ ገደማ ወርዷል። ሆኖም የጨጓራው ሽፋን አስቀድሞ የተለወጠበት ሰው ባክቴሪያው ቢጠፋለትም አደጋው ሙሉ በሙሉ አይለቀውም። የሳጋ ሐኪሞች ጉዳቱ ሳይደርስ ለልጆቹ የሚደርሱላቸው ለዚህ ነው።

አሠራሩ ጥንቃቄ አለው። በሽንቱ ፀረ እንግዳ አካል የተገኘበት ልጅ ወዲያው መድኃኒት አይሰጠውም፤ ሰገራው ተመርምሮ ባክቴሪያው አሁንም መኖሩ ይረጋገጣል። ከዚያ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክና አንድ አሲድ ቀናሽ ለ7 ቀን ይወስዳል። ዕድሜው የተመረጠው የአዋቂ መጠን መውሰድ ስለሚቻልበት፣ ሁሉም ልጆች ገና ትምህርት ቤት ስለሚገኙ፣ ደግሞም ገና ወላጅ ስላልሆኑ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ የመጨረሻው ነው፤ ዛሬ የዳነችው ልጅ ነገ ለልጇ ባክቴሪያውን አታስተላልፍም።

የሚቃወሙ ሐኪሞችም አሉ፤ ሊሰሙም ይገባል። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት ጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት ምልክት የሌለው ልጅ እየተፈለገ እንዲታከም አይመክሩም። አንቲባዮቲክ በበዛ ቁጥር መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ይበዛል። የዛሬዎቹ ታዳጊዎች ካንሰር የሚይዛቸው ዕድሜ ላይ እስኪደርሱም ሙሉው ማስረጃ በእጅ አይገባም። ጃፓን ይህን ለመሞከር የተመቻት የጨጓራ ካንሰር የበዛባት፣ በልጆቿ ላይ ግን ባክቴሪያው እየተመናመነ የመጣባት አገር ስለሆነች ነው። ከመቶ ተማሪዎች መድኃኒት የሚሹት ጥቂት ናቸው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ስሌቱ ሌላ ነው። ባክቴሪያው በጣም የተስፋፋ ስለሆነ ትምህርት ቤቱን ሁሉ ማከም እጅግ ብዙ አንቲባዮቲክ መበተን ይሆናል፤ የዳነውም ልጅ ቤቱ ሲመለስ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ የሳጋን ዕቅድ እንዳለ መቅዳት ለእኛ የሚሆን አይመስለኝም። ነገር ግን ወላጁ ወይም ወንድም እኅቱ በጨጓራ ካንሰር የታመመበት፣ ወይም የጨጓራ ቁስለት ያለበት ታዳጊ ሐኪም ሊያየው ይገባል። የደም ምርመራ ድሮ የነበረውን ኢንፌክሽን ከአሁኑ አይለይምና የሰገራ አንቲጅን ወይም የትንፋሽ ምርመራ ይሻላል። ከምርመራው በፊት እንደ ኦሜፕራዞል ያለውን አሲድ ቀናሽ ለ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክን ለ4 ሳምንት ማቆም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊባል ይችላል። ሕክምናው ተጀምሮ ሕመሙ ቀለል ሲል መድኃኒቱን መተው ቀላል ነው፤ ግን የቀረው ባክቴሪያ ለሚቀጥለው ሕክምና እልኸኛ ይሆናል። መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ ደግሞ መመርመር አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንን ነው።