ሁለት ቁልፍ፣ አንድ መዝገብ

የኮምፒውተር ክበብ ልጆቻችን ዘንድሮ «ኮምፒውተር ለምን ድርቅ ብሎ ይቀራል?» ብለው ጠየቁን። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እዚህ አንዱን ብቻ እናስረዳለን።

ባለፈው መንፈቅ አንዱ መምህራችን የላቦራቶሪውን ቁልፍ ይዘው የፕሮጀክተሩን ሣጥን ቁልፍ ሲጠብቁ፣ አንዷ መምህርታችን ደግሞ የሣጥኑን ይዘው የላቦራቶሪውን ይጠብቁ ነበር። ማንም አላጠፋም፤ ክፍለ ጊዜው ግን አለቀ።

ኮምፒውተር ውስጥም ያው ነው። ሐርጌሳ ላይ ለሻይም ለትራንስፖርትም በዛድ የምንከፍልበት አንድሮይድ ስልክ እንኳ ከሥሩ ሊኑክስ የተባለ ከርነል አለው፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ብዙ ሥራዎች አንድን መረጃ በአንድ ጊዜ እንዳያበላሹ እያንዳንዱ ቆልፎ ይሠራል። ሁለቱ ቁልፎችን በተቃራኒ ቅደም ተከተል ከወሰዱ ግን ሁለቱም ሲጠባበቁ ይቀራሉ። ይህ ዴድሎክ ይባላል።

ክፋቱ ስሕተቱ ተደብቆ መኖሩ ነው። ሁለቱ ሥራዎች በዚያችው ቅጽበት ካልተገጣጠሙ ምንም አይታይም፤ ፈታኙ ዘንድ ደኅና የነበረው ተጠቃሚው እጅ ሲገባ ይደርቃል።

ለዚህ መላ የሆነው ሎክዴፕ ነው። ኢንጎ ሞልናርና አርያን ቫን ደ ቬን የሠሩት ሲሆን በ2006 እ.ኤ.አ. ከሊኑክስ 2.6.18 ጋር ወጣ። ሎክዴፕ መድረቁን አይጠብቅም፤ ይመዘግባል። «ሀ ተይዞ ሳለ ለ ተወሰደ» ብሎ ይጽፋል። ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ሥራ «ለ»ን ይዞ «ሀ»ን ቢጠይቅ፣ ምንም ባይደርቅም ያስጠነቅቃል። ቀለበቱ በሦስት ወይም በአራት ቁልፍ ዞሮ ቢገጥምም ያገኘዋል። ማሽኑን ስለሚያዘገይ የሚከፈተው በሙከራ ጊዜ ነው።

የሚመዘግበው ግን በዓይነት እንጂ በነጠላ አይደለም፤ በሺህ የሚቆጠሩ የፋይል ቁልፎች ለእርሱ አንድ ናቸው። ስለዚህ ሥራው መጀመሪያ የአቃፊውን፣ ቀጥሎ በውስጡ ያለውን ፋይል ሲቆልፍ፣ ያው ቁልፍ ሁለቴ የተያዘ ሊመስለው ይችላል። የትኛው ወላጅ፣ የትኛው ልጅ እንደሆነ ፕሮግራመሩ ሊነግረው ይገባል። ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ነው ብሎ መተው ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ ሎክዴፕ አንዴ ከጮኸ በኋላ ማሽኑ እስኪነሣ ድረስ ምርመራውን ያቆማልና፣ እውነተኛው ስሕተት ከኋላ ቢመጣ የሚያየው የለም።

እኛም የቁልፍ መዝገብ ከፈትን፤ ላቦራቶሪ ይቀድማል፣ ሣጥን ይከተላል። ከወር በኋላ ገጾቹን ስናገላብጥ የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍም ሁለት ጊዜ በተገላቢጦሽ ተወስዶ አገኘን። ያን ጊዜ ማንም አልተጉላላም ነበር።