ከሰሚት እስከ ጣርማ በር፦ ልጅዎ በሞተር ልሂድ ሲልዎ

«አባዬ፣ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር በሞተር ጣርማ በር ደርሰን ልንመለስ ነው።» ይህን ቃል የሰማ ወላጅ መጀመሪያ የሚታየው ታሪኩ አይደለም፤ ገደሉና የጭነት መኪናው ነው። እናት ደግሞ ገና ሳይነሱ ስለት ትገባለች። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም «አይሆንም» ከማለት በፊት ልጁ የመረጠውን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። ከሰሚት የሚነሳ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሚያገኛቸው መንገዶች ይህን ያህል የአገር ታሪክ የተሸከመ ጥቂት ነው።

ለሰሚት ነዋሪ የከተማው ምሥራቃዊ መውጫ ቅርብ ነው። አያትን አልፎ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖና ጫጫን እያቋረጡ ደብረ ብርሃን ይደረሳል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያ ደጋውን ይዞ ሲቀጠል ምድሩ ድንገት ያልቃል፤ ጣርማ በር እዚያ ነው። ማዶው ቁልቁል ደብረ ሲና፣ ከዚያም ሸዋ ሮቢት ነው።

በር የሚባለው

በአገራችን «በር» የቤት ብቻ አይደለም። ከቆላ ወደ ደጋ የሚያስገባ፣ በሁለት ገደል መካከል የተገኘ ማለፊያም በር ይባላል። አንኮበርም «የአንኮ በር» ከሚለው እንደመጣ በአፈ ታሪክ ይነገራል። በርን የያዘ ነጋዴውንም ጦሩንም ይይዛል። የሸዋ ነገሥታት አንኮበርን መቀመጫ ሲያደርጉ ከሥሩ ያለው የአልዩ አምባ ገበያ ከባሕር ጠረፍና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች መገናኛ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱባት አንጎለላም ከዚሁ ከደብረ ብርሃን መንገድ ብዙ አትርቅም።

ሚያዝያ 1928

አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው ሊነግሩት የሚገባው ክፍል ይህ ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጣሊያን ጦር ከደሴ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰው በዚህ መንገድ ነበር። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተንዶ ስለጠበቀው መኪኖቹን ለማሳለፍ እስኪጠግን ድረስ መቆም ግድ ሆነበት። አዲስ አበባ በተያዘች ዋዜማ ደግሞ ጫጫ አጠገብ በኃይለማርያም ማሞ የሚመሩ አርበኞች አድፍጠው አደጋ ጣሉበት። ደብረ ብርሃን ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ። ዛሬ ጫጫን በአምስት ደቂቃ የሚያልፋት ወጣት ይህን ቢያውቅ ቢያንስ ሞተሩን አቁሞ ዙሪያውን ያያል።

ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ገቡ። የአርበኞች የድል በዓል በዚያ ቀን የሚከበረው ስለዚህ ነው።

በመካከሉ ጣሊያኖች አስመራን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውን መንገድ ሲሠሩ የጣርማ በርን አለት በስተው ዋሻ አወጡበት። አሮጌው በር በተራራው አናት ላይ ሲቀር መኪናው በተራራው ሆድ ውስጥ ማለፍ ጀመረ። ሊገዙን የሠሩት ዋሻ እነርሱ ከሄዱ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት የወሎንና የሸዋን እህል አመላልሶበታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነትም ውጊያው እስከ ደብረ ሲና አካባቢ በደረሰ ጊዜ ይህ ሸንተረር እንደገና የአገር ጭንቀት ሆኖ ነበር።

ፈቃድ ከመስጠትዎ በፊት

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ጸጥታ ነው። ባለፉት ዓመታት ይህ መንገድ በግጭት ምክንያት የተዘጋባቸው ጊዜያት አሉ። በዋዜማው ደብረ ብርሃን ወይም ደብረ ሲና ያለ ዘመድ ይጠየቅ። «አሁን አትምጡ» ካለ ነገሩ እዚያው ያብቃ፤ ተራራው የትም አይሄድም።

ሁለተኛው ወረቀቱ ነው። መንጃ ፈቃድ፣ ታርጋና የሦስተኛ ወገን መድን ይታዩ። በአዲስ አበባ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በፈቃድ የተገደበ ስለሆነ ያም ይጠየቅ። ሄልሜት ለነጂውም ለኋለኛውም፣ አገጭ ሥር የታሰረ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ቁልቁለቱ ነው። የጣርማ በር ከፍታ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን ሸዋ ሮቢት ግን ወደ 1,300 ሜትር ነው። ይህን ሁሉ ፍሬን ብቻ ይዞ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይይዝም። የዱሮ ሾፌሮች ደንብ ቀላል ነው፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የትንሽ ሞተር ጉልበትም ይቀንሳል። ሰሚት ላይ ተስፈንጥሮ የሚቀድም ሞተር ሽቅብ ሲወጣ የጭነት መኪና አጠገብ ሊለግም ይችላል። ስለዚህ ዳገት ላይ መቅደም ይቅር።

ዋሻው ውስጥ ሲገባ ከጠራራ ፀሐይ ድንገት ጨለማ ነው፤ ዓይን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ጥቁር መነጽር ይውለቅ፣ መብራት ይብራ፣ ርቀት ይጠበቅ። ክረምት ላይ ጉሙ ፊት ያለውን መኪና ይሰውራል፤ አስፋልቱም ያንሸራትታል። ከመስከረም በኋላ ያሉት ደረቅ ወራት ይሻላሉ፤ ብርዱ ግን በዚያን ጊዜም አጥንት ይሰብራል። ደብረ ብርሃን በብርድ ልብሷ የታወቀችው ያለ ነገር አይደለም። እጁ የደነዘዘ ነጂ ፍሬን በጊዜው አይጨብጥም፤ ጓንት ለጌጥ አይደለም። የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ አህያና በግ መንገዱን ይሞሉታል።

በመጨረሻም የመመለሻ ሰዓት ይወሰን። በጠዋት ወጥቶ ሳይመሽ መግባት፣ ሸኖ፣ ደብረ ብርሃንና ጣርማ በር ሲደርሱ ስልክ መደወል የግድ ይሁን። ያልደወለ ልጅ ለሚቀጥለው ጉዞ ፈቃድ አያገኝም።

አብሮ መሄድም አለ

ሞተር የማይሆንላቸው አያቶች በመኪና ሊከተሉ ይችላሉ። ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር የሚነቅሉትን ጭላዳዎች ማየት ለሕፃን ልጅ ከማንኛውም መጫወቻ ይበልጣል። መሄድ ያልቻለ ደግሞ በዋዜማው ማታ ልጁን አስቀምጦ የሚያውቀውን ይንገረው፤ ማን ከየት እንደዘመተ፣ ማን እንደቀረ። በየቤታችን የአርበኛ ስም አለ፤ የሚያስታውሱት ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ስሙን ይዞ የሄደ ልጅ ጣርማ በር ላይ ፎቶ ብቻ አንስቶ አይመለስም። የቤተሰቡን ስም የያዘ ሰው ደግሞ ዳገቱ ላይ ፍጥነቱንም ሳያስብ አይቀርም።