ሰባት ቤት የሚቆጥረው ቁልፍ

በኢዲ አሚን ዘመን ተጀምሮ ለዓመታት የቆመው፣ ኋላም በሙአመር ጋዳፊ ገንዘብ የተጠናቀቀው የኡጋንዳ ብሔራዊ መስጊድ ኦልድ ካምፓላ ኮረብታ ላይ ነው። እስቲ ከሚናሬቱ በድምፅ ማጉያ «ቀይ ሸሚዝ የለበሰው ልጅ ይምጣ» ተባለ እንበል። የሚፈለገው አንድ ልጅ ነው፤ ሰፈርተኛው ሁሉ ግን ሥራውን አቁሞ የገዛ ሸሚዙን ያያል።

ብዙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ቀለም ሲቀይሩ የሚንቀራፈፉት እንዲህ ባለ አጠራር ነው።

መስኮትና ቁልፍ የሚሠሩባቸው ኪውት፣ ጂቲኬና ጃቫ ኤፍኤክስ የማስዋቢያ ደንባቸውን የቀዱት ከድረ ገጽ ነው። ሆኮን ቪዩም ሊ የተባለው ኖርዌያዊ የድረ ገጽ ማስዋቢያ ቋንቋ የሆነውን ሲኤስኤስን ሐሳብ አድርጎ ያቀረበው በ1994 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ኪውት ተመሳሳዩን በ2006 አስገባ። መልክ ከሥራው ኮድ ተለይቶ ተጻፈ፤ ለዲዛይነሩ እፎይታ፣ ለማሽኑ ግን አዲስ ሸክም።

«በቅንብር መስኮት፣ በግራው ክፍል፣ በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ሰማያዊ ይሁን» የሚል ደንብ ይታሰብ። ደንቡ የሚመረመረው ከጅራቱ ነው። ጽሑፉ ተይዞ ወላጁ ማን ነው? የወላጁስ ወላጅ? እየተባለ ሽቅብ ይወጣል፤ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት እንደሚቆጥሩት መሆኑ ነው። 500 የመስኮት ዕቃና 400 ደንብ ቢኖሩ፣ አያት ቅድመ አያት ሳይጠየቅ እንኳ 200,000 ማመሳከር ይመጣል። ደንቦቹ አስቀድመው በስም ስለሚለዩ አብዛኛው ይቀራል፤ የተረፈው ግን መጠናቀቅ ያለበት ማያው በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስበት ፋታ፣ በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ ነው። የመዳፊቱን ጠቅታ የሚቀበለውም ያው አንድ የሥራ መስመር ስለሆነ፣ ቆጠራው ካላለቀ ሰውየው ቢጫን ቢጫን መልስ የለም።

በጣም የተለመደው ስህተት አንዲት ቁልፍ ለማቅላት ሙሉውን የደንብ ጽሑፍ በዋናው መስኮት ላይ እንደገና መጫን ነው። ኪውት ጽሑፉን ከፊደሉ ጀምሮ ይተነትንና ከሥሩ ያለውን ሁሉ ዳግም ያለብሳል። የጃቫ ኤፍኤክስ ሰንጠረዥም የራሱ ወጥመድ አለው። ዝርዝሩ ሲንሸራተት ጥቂት ሕዋሳት እየተመላለሱ ያገለግላሉ፤ ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ለማቅላት በእያንዳንዱ ሕዋስ ላይ የቀለም ጽሑፍ የሚለጥፍ የሱቅ ፕሮግራም፣ ባለሱቁ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ያንኑ ይለጥፋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ «ጊዜው ያለፈበት ሕዋስ ቀይ ነው» የሚለው ደንብ ፕሮግራሙ ሲነሣ አንድ ጊዜ ይነበባል፣ ከዚያ ሕዋሱ ሁኔታውን ብቻ ይቀይራል። ጥሪው ከሚናሬቱ ወርዶ የልጁን በር አንኳኳ ማለት ነው።

የድረ ገጽ ማሰሻው ፋየርፎክስ በ2017 ሌላ መንገድ ሞክሯል፤ ቆጠራውን ለብዙ የማቀነባበሪያ ኮሮች አከፋፈለው። በ2020 የወጣው ጂቲኬ 4 ደግሞ ሥዕሉን ለግራፊክስ ካርድ ሰጠ። የደንቡ ማመሳከር ግን እዚያው ዋናው ማቀነባበሪያ ላይ ቀርቷል፤ ውድ ካርድ ገዝቶ የገጠመ ሰው ሰንጠረዡ እንደ ድሮው ሲንቀራፈፍ የሚያየው ለዚህ ነው።