ከቃሊቲ እስከ ካልካታ፦ በማዘር ትሬዛ ቤት

እናቴ ስለት ሲኖርባት የምትሄደው ቁልቢ ነው። ኦርቶዶክስ ናት፤ ቃሊቲ ሰፈራችን ውስጥ ካለው ቤተ ክርስቲያንም ቀርታ አታውቅም። ስለዚህ ዕቁቧ ደርሷት «ካልካታ፣ ማዘር ትሬዛ ቤት ውሰዱኝ» ስትለን ጎረቤቱ ሁሉ ገረመው።

እኛ ልጆቿ ግን ምክንያቱን እናውቃለን። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ታናሽ ወንድሟ በጠና ሲታመም እሷ አራስ ነበረች። አስታማሚ ሲያጣ፣ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የማዘር ትሬዛ ቤት ተቀበለው። መነኮሳቱ አጥበው፣ አጉርሰው፣ እስከ ዕለተ ሞቱ አስታመሙት። እናቴ «ወንድሜን ባዕድ አስታመመልኝ» እያለች ኖረች። በዚያ በር በኩል ማለፍ እንኳ አትወድም ነበር።

በዴሊ በኩል ካልካታ ገባን። ቤቱ ያለው ጫጫታ በማይለየው ኤ.ጄ.ሲ. ቦዝ ጎዳና ላይ ነው። መግቢያው በነፃ ነው፤ ሐሙስ ግን እንግዳ አይቀበልም። መቃብራቸው ምድር ቤት ነው፤ ጌጥ የለውም። ካቶሊኩም፣ ሂንዱውም፣ ሙስሊሙም ጫማውን አውልቆ ዙሪያውን ይቀመጣል።

እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ በ1997 እስካረፉበት ቀን የኖሩባት ክፍል ፎቁ ላይ ናት። ጠባብ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አግዳሚ ወንበር፣ በቃ። ከማድ ቤቱ በላይ በመሆኗ ሙቀቷ አይጣል ነው፤ እሳቸው ግን ማራገቢያ አላስገቡም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አልጋውን ብቻ ስታይ ቆየች።

ስንወጣ የሴትዮዋን ታሪክ አጫወትኳት። አግነስ ተብለው በ1910 ስኮፕዬ ተወለዱ። ስምንት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው ሞቱ። በ18 ዓመታቸው ለምንኩስና ከቤት ወጡ፤ ከዚያ በኋላ የእናታቸውን ዓይን አላዩም። በ1950 የመነኮሳት ማኅበራቸውን መሠረቱ፤ በካልካታ ጎዳና የወደቁትን አንስተው አስታመሙ። እናታቸው ግን በሯን ከዘጋችው ከኮሚኒስቷ አልባኒያ መውጣት ሳይችሉ፣ በ1972 ቲራና ውስጥ አረፉ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1973፣ ማዘር ትሬዛ አዲስ አበባ መጥተው ሥራቸውን ጀመሩ።

እናቴ ዝም አለች። ቆይታ፣ «እሳቸውም እናታቸውን ሳያስታምሙ ነው ለካ የሰው እናት ሲያስታምሙ የኖሩት» አለች። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያላየሁትን እንባ ያን ቀን አየሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጎረቤቶች ቡና አፍልተው ጠበቁን፤ «ምን አየሽ?» አሏት። «አንዲት አልጋ» አለቻቸው።

አሁን በየወሩ ሳሙናና ንጹሕ አንሶላ በፌስታል ይዛ፣ ከቃሊቲ በሁለት ታክሲ ስድስት ኪሎ ትሄዳለች። ስንሸኛት «ርቀቱ ያደክምሻል» እንላታለን።

«ካልካታ ደርሼ የመጣሁ ሴትዮ ነኝ» ትለናለች፤ «ስድስት ኪሎ ምን አላት?»